ትግል ለሚጀምሩ ልጆች ስለሚገባ የልምምድ ሥርዓት

ትግል ገንዘብና መሣሪያ የማይሻ፣ ሁለት ልጆችና ጥቂት ለምለም ሣር ከተገኘ ወዲያው የሚጀመር ጨዋታ ነው። ከብት ጠባቂዎች በመስኩ ላይ፣ ተማሪዎችም በዕረፍት ጊዜ በትምህርት ቤቱ ግቢ ሲታገሉ ማየት በየአገሩ የተለመደ ነው። በበዓልም ቀን ሽማግሎች ዙሪያውን ተቀምጠው ጣዩን ያመሰግናሉ፤ በወዳቂው ይሥቃሉ። ነገር ግን አንድ ልጅ መታገል ሲጀምር አስቀድሞ ምን መማር እንደሚገባው የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ታላቅ ወንድሙ ወይም የጎረቤቱ ልጅ ይዞ ይጥለዋል፤ እርሱም ሁለተኛ እንዳይወድቅ ጥርሱን ነክሶ ይነሣል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም አለመውደቅ ነው። የጀማሪው ክፉ ልማድ ሁሉ የሚወለደው ከዚህ ነው።

መውደቅን የሚፈራ ልጅ ወገቡን አጉብጦ፣ ክንዶቹን እንደ እንጨት አድርቆ፣ ትንፋሹን ይዞ ይቆማል። ባላጋራውን በክንዱ ገፍቶ ያርቃል እንጂ ወደ እርሱ ገብቶ ለመጣል አይደፍርም። በሚወድቅበትም ጊዜ መሬቱን ለመመከት እጁን ይዘረጋል፤ የመላ ሰውነቱ ክብደት በዚያች በተዘረጋች እጅ ላይ ስለሚያርፍ የእጁ አንጓ ወይም ክርኑ ይሰበራል፤ አለዚያም ትከሻው ይወልቃል። ራሱን ወደ ኋላ የለቀቀ እንደ ሆነ ደግሞ ከጀርባው በፊት የራሱ ቅል መሬቱን ይመታል። እንግዲህ መውደቅን መፍራት ከመውደቅ አያድንም፤ አወዳደቅን ያከፋል እንጂ።

ይህን ነገር አስተውሎ ትግልን እንደ ማናቸውም ትምህርት በተራና በደረጃ ያደራጀ አንድ መምህር በጃፓን አገር ነበረ፤ ስሙም ጂጎሮ ካኖ ይባላል። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ካኖ በ1860 ዓ. ም. ተወለደ። በልጅነቱ ሰውነቱ ደቃቃ ስለ ነበረ በአዳሪ ትምህርት ቤት ሳለ ጉልበተኞች ተማሪዎች ያጠቁት ነበር። ስለዚህ ጁጁትሱ የሚባለውን የቀድሞ ወታደሮች ትግል ለመማር ፈለገ። በዚያን ዘመን ግን ጃፓኖች ፊታቸውን ወደ ኤውሮፓ ጥበብ መልሰው የአባቶቻቸውን ትግል ችላ ብለውት ነበርና መምህር ማግኘት አስቸገረው። በመጨረሻ ያገኘው መምህር፣ ፉኩዳ ሐቺኖሱኬ፣ የሚያስተምረው በመጣል ነበር። ካኖ አንዱ አጣጣል እንዴት እንደሚሠራ በጠየቀው ጊዜ መምህሩ በቃል ከማስረዳት ይልቅ ደጋግሞ እንደ ጣለው ካኖ ራሱ ኋላ ተርኳል። ካኖ ጽኑ ልብ ነበረውና በዚህም መንገድ ተማረ። ልበ ጽኑ ያልሆነው ልጅ ግን ከዚህ ዓይነት ትምህርት ቁስል እንጂ ዕውቀት ይዞ አይመለስም።

ካኖ በ1881 በቶክዮ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ከፈጸመ በኋላ በ1882 በዚያው ከተማ ኤይሾጂ በሚባል የቡድሃ ቤተ መቅደስ ውስጥ ወለሉ 12 ምንጣፍ ብቻ በሚይዝ ክፍል ኮዶካን የተባለውን ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ተማሪዎቹም 9 ነበሩ። የሚያስተምረውንም ትግል ጁዶ ብሎ ጠራው፤ ትርጓሜውም የገርነት መንገድ ማለት ነው። ካኖ ትግል ብቻ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ በቶክዮ የነበረውን ከፍተኛ የመምህራን ማሠልጠኛ ለብዙ ዓመታት አስተዳድሯል፤ በ1909ም ከእስያ ሰዎች አስቀድሞ የዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ አባል ሆኗል። በ1938 በመርከብ ወደ አገሩ ሲመለስ ሞተ።

በጁዶ ትምህርት ቤት የጀማሪው የመጀመሪያ ትምህርት መጣል አይደለም፤ መውደቅ ነው። ለዚህም የሚሆነው ምክንያት ግልጥ ነው። መውደቅን የተማረ ልጅ አይፈራም፤ ያልፈራ ልጅ ሰውነቱን ያላላል፤ ሰውነቱን ያላላ ልጅ የባላጋራውን እንቅስቃሴ በእጁ ሊያነብ ይችላል። ትምህርቱ የሚሰጠው ከምድር ጀምሮ ወደ ላይ ነው። አስቀድሞ ልጁ በጀርባው ተኝቶ አገጩን ወደ ደረቱ ያስጠጋል፤ ዓይኑም መቀነቱን ያያል፤ እንዲህ ሲሆን የራሱ ቅል መሬት አይነካም። ሁለቱን ክንዶቹንም ዘርግቶ ከጎኑ ጥቂት አርቆ በመዳፉና በክንዱ መላ መሬቱን ይመታል፤ በሚመታበትም ጊዜ ትንፋሹን ያወጣል። ይህን በደንብ የለመደ እንደ ሆነ ቁጢጥ ብሎ ጀርባውን እንደ ቅል አክብቦ ወደ ኋላ ይንከባለላል። ከዚያ በኋላ ከቆመበት፣ ከዚያም ወደ ቀኝና ወደ ግራ፣ በመጨረሻም ባልንጀራው ቀስ ብሎ ሲጥለው ይወድቃል። መሬቱን መምታቱ ለጌጥ አይደለም፤ የውድቀቱን ኀይል በሰፊው የክንድ አካል ላይ በማካፈል ጀርባንና ራስን ያሳርፋል፤ እጅም ለመመከት እንዳትዘረጋ ሌላ ሥራ ይሰጣታል። መምህሩ ሁልጊዜ የሚመለከተው አገጭን ነው፤ አገጩ ከደረቱ የሚለይ ልጅ ለሚቀጥለው ደረጃ አልደረሰም።

ይህ ትምህርት ለሴቶች ልጆችም ይገባል፤ ኮዶካንም በ1926 የሴቶችን ክፍል አቋቁሟል። በክረምት ጭቃ ላይ እንስራ ተሸክሞ መንሸራተት የማይደርስበት ቤት የለምና፣ አወዳደቅን ማወቅ ለታጋይ ብቻ የሚጠቅም ነገር አይደለም።

ሥርዓቱ ባለበት አገር እንኳ መቸኮል ምን እንደሚያመጣ የጃፓን ትምህርት ቤቶች አሳይተዋል። የናጎያ ዩኒቨርሲቲ መምህር የሆነው ሪዮ ኡቺዳ የትምህርት ቤቶችን የአደጋ መዝገብ በመረመረ ጊዜ፣ ከ1983 እስከ 2011 ባሉት ዓመታት በትምህርት ቤት ጁዶ ምክንያት የሞቱት ተማሪዎች ከ100 እንደሚበልጡ ተገኘ። ከእነርሱም ብዙዎቹ የሞቱት በራስ ጉዳት ነው፤ ይልቁንም የበዙት በየትምህርት ቤቱ የመጀመሪያ ዓመት የነበሩት፣ ማለት ጀማሪዎቹ ነበሩ። ለብዙው ጉዳት ምክንያት የሆነውም እግርን ከኋላ ጠልፎ ወደ ኋላ የሚጥለው አጣጣል ነው፤ ይህ አጣጣል ለጣዩ ቀላል ሆኖ ለወዳቂው ራስ እጅግ የከፋ ነው። ደግሞም ሐኪሞች እንደሚያስረዱት ራስ መሬት ባይመታ እንኳ በኀይል የተወናጨፈ እንደ ሆነ በራስ ቅልና በአንጎል መካከል ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ሊበጠሱ ይችላሉ። በ2012 የጃፓን መንግሥት ጁዶን ጨምሮ የአባቶች ትግልና የሰይፍ ትምህርት በመካከለኛ ትምህርት ቤቶች ግዴታ እንዲሆን ባደረገ ጊዜ ይህ ነገር በአደባባይ ተነገረ፤ መምህራንም ጥንቃቄ ማድረግ ስለ ጀመሩ በሚቀጥሉት ዓመታት ሞቱ እጅግ ቀነሰ። የጠፋው ዕውቀት አልነበረም። አወዳደቅን አስቀድሞ የማስተማር ልማድ በጃፓን ከመቶ ዓመት በላይ ታውቆ ሳለ፣ ጀማሪዎች ሳይበቁ ከጠንካሮች ጋራ መታገላቸው ነው ልጆቹን የጎዳው።

የገጠር ትምህርት ቤት መምህር እንግዲህ መጀመሪያ የሚያስብበት ነገር መሬቱ ነው። ጃፓኖች ቀድሞ ይታገሉበት የነበረው ታታሚ የሚባለው ምንጣፍ ተጠቅጥቆ የተሰፋ የሩዝ ገለባ ነበረ፤ በዚህ አገርም የጤፍና የስንዴ ገለባ አይጠፋም። ገለባውን በጆንያ ሞልቶ አፉን ሰፍቶ፣ ጆንያዎቹን አጠጋግቶ ደርድሮ፣ ላዩን በሸራ ወጥሮ በችካል ማሰር ይቻላል። በጆንያዎቹ መካከል የእግር ጣት የሚገባበት ክፍተት ሊኖር አይገባም። ዝም ብሎ የተበተነ ገለባ ግን ከእግር በታች እየሸሸ መሬቱን ስለሚገልጥ አያስተማምንም። ዙሪያው ከድንጋይ፣ ከጉቶና ከእሾህ የጸዳ ይሁን። ይህ ሁሉ ያልተገኘ እንደ ሆነ ልጆቹ በሣር ላይ ተንበርክከው ይታገሉ እንጂ ቆመው አይጣጣሉ። ተንበርክኮ መታገልን ልጆች የሕፃን ጨዋታ ነው ብለው ይንቁት ይሆናል፤ ነገር ግን ባላጋራን በጀርባው አስተኝቶ መያዝን፣ ከተያዙበትም ማምለጥን ከዚህ የተሻለ የሚያስተምር የለም፤ የሚወድቁበትም ቁመት አጭር ነው።

ከአወዳደቅ ቀጥሎ የሚመጣው ትምህርት መልቀቅ ነው። በጁዶ ሥርዓት የተጨነቀ ሰው ባላጋራውን ወይም ምንጣፉን በእጁ ሁለት ጊዜ መታ መታ ያደርጋል፤ እጁ የተያዘ እንደ ሆነም ተሸነፍሁ ብሎ በቃል ይናገራል፤ የያዘውም ሰው በዚያው ቅጽበት ይለቃል። በገጠር ትምህርት ቤት ለዚህ «በቃ» የሚለው ቃል ይበቃል። መምህሩ ይህን ቃል ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደ ሕግ ያጸናዋል፤ በቃ የተባለ ልጅ ሳይለቅ አንድ ትንፋሽ ያህል የዘገየ እንደ ሆነ፣ የቱንም ያህል ብርቱ ታጋይ ቢሆን፣ የዚያን ቀን ዳር ይቀመጣል። በቃ ባለው ልጅ የሚሥቅም እንደዚሁ ዳር ይቀመጣል፤ የተሣቀበት ልጅ ሁለተኛ በቃ አይልምና። አንገት ማነቅና ክንድ መጠምዘዝ ግን ለትንንሽ ልጆች ከቶ አይፈቀድም።

ፊደል የሚቈጥር ልጅ ወደ አቡጊዳ፣ ከአቡጊዳ ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያም ወደ ዳዊት ያልፋል፤ ፊደሉን ሳይለይ ዳዊት ድገም የሚለው መምህር የለም። በትግል ግን ሰዎች ሁሉ ልጁን ከመጀመሪያው ቀን ዳዊት ያስደግሙታል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደ ተባለ፣ በችኮላ የተያዘውን ክፉ አያያዝ ኋላ ለማስተው ከመጀመሪያው ድካም የበለጠ ድካም ይጠይቃል። ስለዚህ አንድ አጣጣል ብቻ መርጦ እርሱን ደጋግሞ ማስተማር ይሻላል። አንዱ ልጅ ሳይከላከል ይቆማል፤ ሌላው ይይዛል፣ ሚዛኑን ያናጋል፣ ወገቡን አዙሮ ይገባል፤ ነገር ግን ሳይጥል ወደ ቦታው ይመለሳል። ይህን 10 ጊዜ ካደረገ በኋላ ተራውን ለባልንጀራው ይሰጣል። መምህሩም የሚቈጥረው ስንት ጊዜ እንደ ተደረገ ብቻ አይደለም፤ እግሩ በየጊዜው በዚያው ስፍራ ማረፉን ይመለከታል።

ሚዛን ማናጋት የሚባለውን ካኖ በቁጥር ያስረዳ ነበር፤ ምሳሌውም ሒሳብ ለሚያስተምር ሰው የሚመች ነው። የአንዱ ሰው ኀይል 10፣ የሌላው 7 ነው እንበል። ባለ 10ው በገፋ ጊዜ ባለ 7ቱ በፊቱ ቢገትር ይሸነፋል። ነገር ግን ሳይገትር ወደ ኋላ ቢያፈገፍግለት፣ ገፊው የሚደገፍበት ነገር አጥቶ ወደ ፊት ያዘነብላል፤ በዚያን ጊዜ ሊሠራበት የሚችለው ኀይል ምናልባት 3 ብቻ ይሆናል። ባለ 7ቱ ግን ቆሞ ሳለ ከኀይሉ እኩሌታውን እንኳ አውጥቶ ሊጥለው ይችላል። ይህን ልጆች በቃል ሰምተው አያምኑም፤ ትልቁን ልጅ ከትንሹ ጋራ አቁሞ፣ ትልቁ ሲገፋ ትንሹ በድንገት ወደ ጎን እንዲያፈገፍግ ማድረግ ነው። በዚህ የሚሣቀው ሣቅ ደግሞ ማንንም አይጎዳም።

ልጆቹ ይህን ከተማሩ በኋላ በነጻ መታገል ይጀምራሉ። በዚህ ስፍራ መምህሩ ሁለት ነገር መለየት ይገባዋል፤ አንዱ ልምምድ ነው፤ ሁለተኛው ውድድር ነው። ጃፓኖች ለሁለቱ ሁለት ስም አላቸው፤ ልምምዱን ራንዶሪ፣ ውድድሩን ሺዓይ ይሉታል። በውድድር መውደቅ መሸነፍ ነው፤ በልምምድ ግን መውደቅ ዋጋ የለውም፤ ተነሥቶ እንደ ገና መያዝ ነው። ልምምዱን ሁሉ ውድድር የሚያደርግ ልጅ የሚያውቃትን አንዲት አጣጣል ብቻ ይዞ ይኖራል፤ አዲሱን ቢሞክር ይወድቃልና አይሞክርም። ከስድስት ወር በኋላ ሲታይ በየጊዜው ይወድቅ የነበረው ባልንጀራው አልፎት ሄዷል። በልምምድ ጊዜ ማን ስንት ጊዜ እንደ ጣለ መቍጠር የማያስፈልገው ስለዚህ ነው።

የሚጣመሩት ልጆች በክብደትና በቁመት የሚቀራረቡ ይሁኑ። የበረታውን ከጀማሪው ጋራ ማጣመር የሚቻለው የበረታው መጣልን ትቶ የሚወድቅለት እንደ ሆነ ብቻ ነው፤ ይህም ለበረታው ትልቅ ትምህርት ነው። ልምምዱ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን፣ ከአንድ ሰዓት ያልበለጠ ቢሆን ይበቃል፤ የደከመ ሰውነት አገጩን ወደ ደረቱ ማስጠጋትን ይረሳልና ብዙ ጉዳት የሚደርሰው በመጨረሻው ጊዜ ነው። ከቤቱ ሳይበላ የመጣ ልጅ አይታገል፤ እርሱ ዳር ሆኖ ቢያይ ይሻላል፤ ነገር ግን በባልንጀሮቹ ፊት ለምን እንደ ተቀመጠ አይነገርበት። ጥፍር ይቈረጥ፤ ቀለበትና የአንገት ጌጥ ይውለቅ። ቆዳ ከቆዳ ጋራ ስለሚተሻሽ ጭርትና እከክ፣ መግል የያዘም ቁስል በታጋዮች መካከል ፈጥኖ ይተላለፋል። ስለዚህ መምህሩ ከልምምድ በፊት የልጆቹን ራስ፣ አንገትና ክንድ ይመለከታል፤ የታመመው እስኪድን ድረስ ይቆያል፤ ሁሉም ከትግል በኋላ በሳሙና ይታጠባሉ፤ ሸራውም በፀሐይ ይሰጣል።

ራሱን የተመታ ልጅ ተነሥቶ ምንም አልሆንሁም ቢል እንኳ ያን ቀን ሁለተኛ አይታገልም። ራሱን ቢያመው፣ ቢያዞረው፣ ቢያስመልሰው፣ እንቅልፍ ቢጫጫነው፣ ወይም ጥቂት ቀደም ብሎ የሆነውን ቢረሳ፣ ሰው አስከትሎ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ይገባል። ብቻውን ወደ ቤቱ መላክ አይገባም፤ በራስ ውስጥ የሚፈስ ደም አንዳንድ ጊዜ ዘግይቶ ይታያልና። ምልክቱ ሁሉ ጠፍቶ ሐኪም እስኪፈቅድ ድረስ ወደ ትግል አይመለስም። አንገቱን ያመመው፣ ወይም እጅና እግሩ የደነዘዘው ልጅ ደግሞ ከወደቀበት አይነሣ፤ ራሱም አይነቃነቅ። ወጌሻ የወለቀ ጣት መመለስ ይችል ይሆናል፤ የተጎዳ አንገት ግን በመሳብና በማሸት አይድንም፤ ይልቁንም ልጁን ለዘለዓለም ሽባ ሊያደርገው ይችላል። ይህን ሽማግሎች አስቀድመው ያወቁ እንደ ሆነ በጭንቅ ሰዓት ወጌሻ የሚጠራውንና ሐኪም የሚጠራውን በአንድ ቃል ያስማማሉ።

መምህሩ የደከመበትን ልማድ የሚያጸናው ወይም የሚያፈርሰው በዙሪያው ቆሞ የሚያየው ሰው ነው። በ2022 የጃፓን ጁዶ ፌዴሬሽን ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች በየዓመቱ ያደርገው የነበረውን አገር አቀፍ ውድድር አስቀረ፤ ምክንያቱንም ሲናገር በትንንሽ ልጆች ዘንድ ድልን ብቻ የመፈለግ ነገር በዝቷል አለ። ይህን የድል ጥማት ያመጡት ልጆቹ ብቻ አልነበሩም፤ አሠልጣኞችና ወላጆችም ጭምር ናቸው። በመንደርም እንዲሁ ነው። አባት «አትውደቅብኝ» ብሎ የሚጮህለት ልጅ በዓመት የተማረውን ትቶ ክንዱን ያደርቃል፤ እጁንም ለመመከት ይዘረጋል።

ስለዚህ በበዓል ቀን ትግል ለሕዝብ እንዲታይ የታሰበ እንደ ሆነ፣ አስቀድሞ ጀማሪዎቹ ተሰልፈው አወዳደቅ ያሳያሉ፤ ሽማግሎችም አገጩን ያልለቀቀውን፣ ክንዱንም አስተካክሎ የመታውን ያመሰግናሉ። ቀጥሎ ሁለት ሁለት ሆነው የተማሩትን አጣጣል በዝግታ ያሳያሉ። ውድድሩ የሚመጣው ከሁሉ በኋላ ነው፤ ቢያንስ አንድ ዓመት ለተለማመዱትም ብቻ ይሁን። ከሽማግሎችም አንዱ ከዳኛው አጠገብ ይቀመጥና በቃ የሚለውን ድምፅ ያዳምጥ፤ ልጆቹ ሲጮኹ ያ ቃል ብዙ ጊዜ አይሰማምና።